ያልዘራሁት በቀለልኝ!

«ያልዘሩት አይበቅልም» ሲባል ሰምታችኋል አይደል? እኔም አምኜ ነበር። ላፍቶ መጥቼ ቤት እስክከራይ ድረስ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከኃይሌ ጋርመንት ብዙም ሳይርቅ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ሰፈሩን ለማያውቅ ልንገረው፦ ከሳሪስ እስከ ለቡ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ ስትሄዱ ዓይናችሁን የሚሞላው ፎቅ፣ ኮንዶሚኒየም፣ የብሎኬት ክምርና የሲኖትራክ አቧራ ነው። የአከራዬ ግቢ ግን አጥሩ ጥግ ላይ አራት እርምጃ የምትሆን ባዶ መሬት ተርፋዋለች።

ባለፈው ሐምሌ ታዲያ ያቺ ጥግ አረም በአረም ሆነች። እኔም ለመወደድ ብዬ (መቼም አከራይን ማስደሰት አይከፋም!) መቆፈሪያ ይዤ ብቅ አልኩ።

«እማማ፣ ይሄን አረም ላጽዳልዎት?»

«ተወው ልጄ! አረሙን ከአበባው ሳትለይ እጅህን እንዳታስገባ!» አሉኝ።

ቅር አለኝ። እልህ ይዞኝ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ አንዲት ጽጌረዳ ገዝቼ በራፌ ላይ ተከልኩ። ምን ዋጋ አለው? ውሃ በዛባት መሰለኝ፣ ነሐሴ ሳያልቅ ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ሞተች።

ጳጉሜን ላይ አንድ ማለዳ ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ግን… ጉድ በሉ! ያ «አረም» እዚህም እዚያም ፈንድቷል። ለእንቁጣጣሽ ጥጉ በሙሉ ወርቅ መሰለ። አደይ አበባ! ለበዓል ከገበያ በእስር የምንገዛው፣ ያለ ገንዘብ፣ ያለ ተካይ ደጄ ድረስ መጣ። ሰፈራችን ንፋስ ስልክ የተባለው በሽቦ አልባው ጣቢያ ምክንያት ነው። አደይም እንደዚያው ያለ ሽቦ የተላከ መልእክት መሰለኝ!

ለካ ተረቱም አልዋሸም፤ ዘሪው አደይ ራሱ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ያብባል፣ ዘሩን አራግፎ ይደርቃል፤ ዘሩ በጋውን አፈር ውስጥ ተኝቶ ክረምት ሲመጣ ይነቃል። አንድ አበባ የምንለው እንኳን ብዙ ጥቃቅን አበቦች አንድ ላይ ሆነው ነው። ልብሳችን ላይ እየተሰካ የሚያስቸግረን ጭጎጎትም የቅርብ ዘመዱ ነው። ንቦችማ ያውቁታል፤ በደጋው አገር በጥቅምትና በኅዳር ለሚቆረጠው ማር አደይ ትልቅ ድርሻ አለው።

ደስታዬን ለእማማ ልነግራቸው ስሄድ ግን ፊታቸው ቅዝዝ ብሏል። ልጆቻቸው ያቺ ጥግ ላይ ሁለት ክፍል ሠርተው ሊያከራዩላቸው ነው። እማማ ጡረታ የላቸውም፤ የሚኖሩት በኪራይ ነው።

«ኧረ እማማ! እንዴት እዚህ ላይ ቤት ይሠራል?» አልኩ።

ፈገግ አሉ። «አንተ የምትተኛበትስ ምን ነበር መሰለህ? እሱም የአደይ ቦታ ነበር» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ምን እላለሁ? ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በየወሩ እየከፈልኩ የምተኛው አደይ ላይ ነው ለካ!

እማማ ግን አንድ ነገር አልለቀቁም። ግንበኛውን ጠርተው፣ «ኅዳር ይግባና ትቆፍራለህ፤ መጀመሪያ ዘሩ ይርገፍ» አሉት። የሁለት ክፍል የሁለት ወር ኪራይ መተዋቸው እኮ ነው! ኅዳር ሲገባ፣ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ላይ ላዩን አፈር ዝቄ በተቆረጠ ጀሪካን ሞላሁ። አሁን በራፌ ላይ፣ ጽጌረዳዋ በሞተችበት ቦታ ተቀምጧል። መብቀል አለመብቀሉ ክረምት ላይ ይታያል።

እናንተስ? ግቢ ካላችሁ ሐምሌ ላይ ያገኛችሁትን ሁሉ አትንቀሉ፤ ቅጠል የሚያውቅ ትልቅ ሰው ጠይቁ። አበባውም ገና ሳይደርቅ አይታጨድ፤ ዘሩ ጠቁሮ እስኪረግፍ ታገሱት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩም አንድ ጀሪካን አፈር የምታስቀምጡበት በረንዳ አታጡም። ቤት የምትሠሩ ደግሞ እንደ እማማ ሁለት ወር ጠብቁ።

ቸር ይግጠመን!