ለከርሞ ይኖራል ወይ?

ባለፈው ሳምንት መገናኛ፣ አንድ ፎቅ ላይ ባለች ቡና ቤት ተቀምጠን፣ አንዲት የማስተርስ ተማሪ መጠይቋን እንዳይላት ሰጠችኝ። 11 ገጽ ነው። የምታጠናው ስለ የካ ደን ዘላቂነትና ስለ ማኅበራዊ ገጽታው ነው። ከታች የታክሲ ረዳቶቹ «ኮተቤ፣ ካራ! ኮተቤ፣ ካራ!» ይላሉ፤ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ማኪያቶዋን ታማስላለች። ጥያቄ 14 ላይ ስደርስ ቆምኩ። «የደን ሀብትን በዘላቂነት መጠቀም ለቀጣዩ ትውልድ አስፈላጊ ነው። ሀ) በጣም እስማማለሁ፣ ለ) እስማማለሁ፣ ሐ) ገለልተኛ ነኝ…»

ሳቄ መጣ። ልጅቷ ምን አጠፋሁ ብላ ደነገጠች። ምንም አላጠፋችም። ይህንኑ ጥያቄ፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል፣ ከ10 ዓመት በፊት እኔም ይዤው ከኮተቤ በላይ ያለውን ዳገት ወጥቼበታለሁ።

እስቲ ያንን ቀን ላውራችሁ።

ከደኑ ማገዶ ለገበያ የሚያወርዱት ሴት እንጨት ተሸካሚዎች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ረፋድ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። አዲስ ስኒከር፣ አዲስ ክሊፕቦርድ፣ 120 ቅጂ መጠይቅ። የመጀመሪያዋ እናት ብቅ ሲሉ ጠጋ ብዬ «እማማ፣ እንደምን አደሩ፤ አንዴ ቆም ብለው ጥቂት ጥያቄ ቢመልሱልኝ?» አልኳቸው። ሳይቆሙ አለፉኝ። ካለፉኝ በኋላ ነው ድምፃቸው የመጣው፦ «ልጄ፣ ካወረድኩት ማን ያሸክመኛል?»

ለማታውቁት፣ ያ ሸክም 30 ኪሎ ማለፉ የተለመደ ነው። የባህር ዛፉ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ በገመድ ይታሰርና በአግድም ጀርባ ላይ ይውላል፤ ቀጭኑን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። ጎን ለጎን መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ዕድሜ? የጋብቻ ሁኔታ? የትምህርት ደረጃ? እሳቸው ወደፊት ይመልሳሉ፣ ግማሹን ንፋስ ይወስደዋል። በአጭሩ የዚያን ቀን ጥያቄዎቼን የጠየቅሁት ቅጠሉን ነው። «ገለልተኛ ነኝ» የምትለዋ ምርጫ ጋ ስደርስ ራሴን ታዘብኩት። እንጨት ተሸክሞ ስለ እንጨት ገለልተኛ የሚሆን ሰው አለ?

ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ደረስን። መሬቱ ወገብ ድረስ ከፍ ብሎ እንደ መደብ የተቆረጠበት ነው። እሳቸው ዞር አሉና ሸክሙን መደቡ ላይ አስደግፈው፣ ገመዱን ሳይፈቱ፣ ቁጭ ብድግ በሚመስል አኳኋን አረፉ። ሌሎችም እየደረሱ ጎናቸው ተደገፉ። ለካ ማረፊያቸው ነው። ከጫካው እስከ ሾላ ገበያ ድረስ መንገዳቸውን የሚለኩት በዚህ ነው፤ ኪሎ ሜትር አያውቁም፣ «ሦስት ማረፊያ»፣ «አምስት ማረፊያ» ይላሉ። ይህን ጽሑፌ ውስጥ አስገብቼው ነበር። አማካሪዬ «ይህ መለኪያ አይደለም» ብሎ በቀይ ሰረዘው፤ እኔም አልተከራከርኩም። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

እዚያ ማረፊያ ላይ ነው «ዘላቂነት» የምትለዋን ቃል የጣልኳት። «የደኑን ዘላቂነት እንዴት ያዩታል?» ስላቸው «ዘላቂ ምን?» አሉኝ። ግራ ገባኝና እንደ እናቴ አድርጌ ጠየቅሁ፦ «ይሄ እንጨት ለከርሞ ይኖራል ወይ?»

ለከርሞ ስል ጊዜ ሁሉም በአንድ አፍ ተናገሩ። የትኛው ተረተር ዘንድሮ እንደተቆረጠ፣ የባህር ዛፍ ጉቶ ስንት ክረምት ሲያልፍበት ለጭራሮ የሚሆን ቡቃያ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ዘበኛ ገመድና መጥረቢያ እንደሚቀማ፣ የትኛው አይቶ እንዳላየ እንደሚያልፍ። እኚያ እናት ደግሞ ዝም ብለው ቆይተው «ቅጠሉን እኛ ስንጠርገው መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ አፈሩን ይዞት ይወርዳል። አውቀን ነው፤ ግን ቅጠሉን ነው እንጀራ ጋጋሪ የሚገዛን» አሉ። የቀደሙ ጥናቶችን በቃኘሁበት ምዕራፍ ስለ አፈር መሸርሸር 6 ገጽ ጽፌ ነበር። 6ቱም ገጽ እሳቸው ያሉትን ነው የሚለው፤ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን አይልም።

ነገሩን ወደኋላ ብትስቡት ደግሞ ያስገርማል። አዲስ አበባ እንጨት ጨርሳ ልትፈርስ የደረሰች ከተማ ነበረች። በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ አልቆ፣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት እስከማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማዋን እዚሁ ካስቀሯት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከአውስትራሊያ የመጣው ባህር ዛፍ ነው። እንጦጦንና የካን የሸፈነው እሱ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጣና የባላባቱ ደን የመንግሥት ሆነ። መንግሥት ተለወጠ፣ ደኑም ስሙን ቀያየረ። እንጨት ተሸካሚዋ ግን ድሮ የባላባቱን ዘበኛ ትሸሽ ነበር፣ ዛሬ የመንግሥቱን።

ጥናት ምንም አይለውጥም የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ የማነሳው አንድ ስም አለ፦ ፍቅርተ ኃይሌ። እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ አዲስ አበባ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች በአንድ የካናዳ የአፍሪካ ጥናት መጽሔት ላይ ጽፈዋል። ሌላው ስለ ደን ሲጽፍ ተሸካሚዎቹን «የደን ውድመት መንስኤ» በሚል ንዑስ ርዕስ ሥር ነው የሚያመጣቸው። እሳቸው ግን ከተሸካሚዋ ጀመሩ፤ ይህቺ ሴት ለከተማው ማገዶ የምታቀርብ ሠራተኛ ናት ብለው ነው የተነሱት። ከዚያ የዓለም የሥራ ድርጅት ፕሮጀክት ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር ተቋቋመ። እንጦጦ የሄዳችሁ ሻርፕና ነጠላ ሲሸምኑ አይታችኋቸው ይሆናል። «የቀድሞ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ሥራቸውን ትተው ሌላ ሥራ ስለያዙ ያገኙት ማዕረግ ነው።

የኬንያዋ ዋንጋሪ ማታይም የተነሱት እንዲሁ ከሴቶቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 አረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ሲጀምሩ ለገጠር ሴቶች ችግር መልስ እየሰጡ እንደነበር የኖቤል ሽልማታቸውን ሲቀበሉ ተናግረዋል፤ ከችግሮቹ መካከል ማገዶ ማጣት አንዱ ነበር። ሴትዮዋ ዶክተር ነበሩ፣ የእንስሳት አካል ጥናት ምሁር። መጠይቅ መበተን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም።

እኛ ጋ የተለመደው ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ከተባለ ወዲህ፣ የተማሪው ጥናት በአብዛኛው አንድ ጥያቄ ላይ ተጠምዷል፦ ስንቱ ጸደቀ? ደግ ጥያቄ ነው፣ ይጠየቅ። (አማርኛችን ለችግኝም ለነፍስም አንድ ቃል መስጠቱን ሳስብ ሁሌ ፈገግ እላለሁ።) ግን ችግኙ የጸደቀበት ተረተር ላይ ትናንት ቅጠል ትጠርግ የነበረችው ሴት ዛሬ የት ናት የሚለውን የሚቆጥር ጥናት ብዙም አይገጥመኝም። እንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲመረቅ ከተሸካሚዎቹ የተወሰኑት እዚያው ሥራ ማግኘታቸው ተነግሮ ነበር። ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ። የቀሩትስ? ወደ የካ በኩል ዞሩ? ገበያቸው ራቀ? ማረፊያቸው ስንት ሆነ? ለመመረቂያ ጽሑፍ ይህ አይበቃም?

ሌላም አለ፤ ይሄኛውን እንኳ ለልጅቷም በግልጽ ነግሬያታለሁ። በ11ዱ ገጽ ውስጥ የተጠየቁት ተሸካሚዎችና የደን ጥበቃ ሠራተኞች ብቻ ናቸው። እንጀራ ጋጋሪዋ የለችም። እንጀራ ገዢው የለም። እኔና እሷ እዚያ ቡና ቤት የተቀመጥነው የለንም። ከሱቅ የምገዛው እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገር በቅጠል ጠይቄ አላውቅም። መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤቶቼ ወደ ከሰልና ወደ ጭራሮ እንደሚዞሩ ግን አያለሁ፤ ለሠርግና ለሐዘን ድንኳን ሲጣል ጓሮ የሚከመረውን ፍልጥም አያለሁ። ማንም ጥናት ሊሠራ መጥቶ «እርስዎ በሳምንት ስንት እንጀራ ይበላሉ? በምን እንደተጋገረስ ያውቃሉ?» ብሎኝ አያውቅም። ማኅበራዊ ገጽታ ሲባል የድሃው ገጽታ ብቻ ይመስል፣ የሰንጠረዡ «መላሾች» ሁሌ ከዳገቱ በላይ ያሉት ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ ያኔ ከጠየቅኋቸው አንዷ ሸክሟን እንዳስደገፈች «ይሄን ጽፈሽ ስትጨርሺ ዘበኛው ይተወናል?» ብላኝ ነበር። አይመስለኝም አልኳት። «እንግዲያው ለምንሽ ነው?» ለዲግሪዬ ማለት አፈርኩ። ጥናቱ ተጠርዞ አንድ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ኮተቤ ግን አንድም ቅጂ አላደረስኩም። አማርኛ ማጠቃለያ እንኳ አልነበረውም።

ይህን ሁሉ ስዘበዝብ ልጅቷ ማኪያቶዋን ረስታዋለች። መጠይቁን ወደ ቦርሳዋ መለሰችና ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ስለ አማካሪዋ፣ ስለ ጊዜ ሰሌዳዋ፣ ናሙናዋ ቢያንስ 150 መሆን እንዳለበት ነገረችኝ። አውቃለሁ አልኳት። መጠይቁን ጣይው አላልኳትም፤ ማረፊያው ጋ ቀድመሽ ተቀመጪ፣ ባዶ እጅሽን፣ ሸክም ማስደገፍ አግዢ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ምንም አትጻፊ ነው ያልኳት። ጥያቄ 14ን ደግሞ በእስክሪብቶ ሰርዤ ከጎኑ «ለከርሞ ይኖራል ወይ?» ብዬ ጻፍኩላት።

ሒሳብ ከፍለን ስንወርድ፣ ታክሲ ተራው ጋ ስንደርስ፣ ዞር ብላ «ስንት ሰዓት ነው የሚወጡት?» አለችኝ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ኮተቤ ካልደረስሽ አታገኚያቸውም አልኳት። ጫማዋን አየሁት። ነጭ ስኒከር ነው፣ አዲስ።