ከማን ያዘኝ?

እናቴ ሁለት ወር ሙሉ ሳለች። "ጉንፋን ነው" ትለኝ ነበር። የሚኒያፖሊስ ብርድ ማንንም ያስላል ብዬ አመንኳት።

አንድ ቀን ነርስ ደወለች። እማዬ ስልኩን ሰጠችኝ። ነርሷ "ቲቢ ነው" አለችኝ። እኔ ግን ለእማዬ "ሳንባሽ ላይ ኢንፌክሽን አለ" ብቻ አልኳት። ሳንባ ነቀርሳ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ወልዲያ ሳለች ጎረቤቷ በዚህ በሽታ ስትታመም፣ ቡና የሚጠጣላት ሰው እንደጠፋ ነግራኛለች። ስለዚህ ቃሉ ከአፌ አልወጣም።

በማግሥቱ እዚሁ ሲዋርድ፣ ፍራንክሊን ጎዳና አጠገብ ወዳለችው ጓደኛዋ ልትሄድ ነጠላዋን ለበሰች። ደነገጥኩ። በሩ ላይ ቆሜ እውነቱን ነገርኳት።

"ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?" አለች። መልስ አልነበረኝም። ቆይታ ደግሞ "ከማን ያዘኝ? ከእሷ ይሆን?" አለች።

ጓደኛዋም መመርመር ስላለባት እማዬ ራሷ ደወለችላት። "ሳንባ ነቀርሳ ይዞኛል" አለቻት፤ ቃሉን ሳትቆርጥ። ሐሙስ ዕለት በራችን ላይ አንድ ድስት ሾርባ አገኘን።

ለጥያቄዋ መልስ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ከአክታዋ ባክቴሪያውን አሳደጉት፤ ከዚያ ዘረመሉን አነበቡት። የቲቢ ባክቴሪያ ዘረመል 4.4 ሚሊዮን ያህል "ፊደላት" አሉት። ሙሉው ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1998 ነው። ንባቡ የትኛው መድኃኒት እንደማይሠራ ይጠቁማል። የሁለት ሰዎች ባክቴሪያ ፊደላት በጣም ከተመሳሰሉ ደግሞ፣ በሽታው በቅርቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ተላልፎ ሊሆን ይችላል።

የእማዬ ባክቴሪያ እዚህ ከተገኘ ከማንም ጋር አልተመሳሰለም። መድኃኒቶቹም ይሠራሉ ተባለ። ቲቢ ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ሊቆይ ስለሚችል፣ ምናልባት ከአገር ቤት አብሯት መጥቷል።

"እንኳን ከእሷ አልሆነ!" አለች።

በኋላ አንድ ነገር አነበብኩ። በ2013 ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በተለይ በወልዲያ አካባቢ፣ ሌላ ቦታ እምብዛም የማይገኝ የቲቢ ዘር ማግኘታቸውን ጽፈው ነበር። ሰባተኛው ዘር ይባላል። የእማዬ እሱ ይሁን አይሁን አልተነገረንም። ስነግራት ግን ሳቀች፦ "የአገሬ ልጅ ነዋ!"

መድኃኒቱን ስድስት ወር ዋጠች። ነርሷ "አሁን ከሰው ጋር መቀላቀል ትችያለሽ" ባለቻት ቀን፣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለዚያ ድስት ነው።

"በባዶው እንዳትመልሺው፣ ዳቦ ልድፋ።"