የደፈረሰው ውኃ

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በሸዋ ሮቢት ቤታችን ውስጥ ዓሣ ለማኖር ተመኘሁ። ከአሮጌ የመስኮት መስተዋት ትንሽ ገንዳ አሠራሁ። ከሮቢ ወንዝም አሸዋ አመጣሁ፤ በበጋ ወንዙ ሲጎድል በአንድ ኩሬ ተከማችተው ካገኘኋቸው ትንንሽ ዓሦችም አምስቱን ይዤ ገባሁ።

አሸዋውን በደንብ ስላላጠብሁት ውኃው ወዲያው ቡናማ ሆነ። አያቴ ይህን አይተው፣ «አይዞህ ልጄ፤ እኛ የጎርፍ ውኃ በእንስራ አሳድረን እንጠጣ የለም እንዴ? ተወው፣ ይረፍ» አሉኝ። እንዳሉትም በማግስቱ አፈሩ ዘቅጦ ውኃው ጠራ።

በሦስተኛው ቀን ግን ሌላ ድፍርስ መጣ። ይህኛው እንደ እጣቢ ነጭ ነበር፤ ቢያድርም አልዘቀጠም። እኔም ቆሻሻ መስሎኝ ውኃውን በሙሉ ደፋሁ፤ አሸዋውንም አጥቤ አዲስ ውኃ ሞላሁ። በነጣ ቁጥር እንዲሁ አደረግሁ። ዓሦቹ እንዳይራቡም የእንጀራ ፍርፋሪ አብዝቼ እበትንላቸው ነበር። በአሥረኛው ቀን ጧት ውኃው እንደ ምንጭ ጠርቶ ሳለ፣ ሦስቱ ዓሦች ሞተው ተንሳፍፈው አገኘኋቸው።

እያዘንሁ ለባዮሎጂ መምህራችን ነገርኋቸው። እርሳቸውም እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። ነጩ ድፍርስ በበሰበሰው ፍርፋሪ የተራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከብስባሹና ከዓሦቹ ኩስ ደግሞ አሞኒያ የተባለ፣ በዓይን የማይታይ መርዝ ይወጣል። ወደ አዋሽ በሚወርደው ሮቢ ውስጥ ወራጁ ውኃ ይህን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ በገንዳ ውስጥ ግን እዚያው ይጠራቀማል። መርዙን የሚለውጡት ሌሎች ባክቴሪያዎች በአሸዋው ላይ ለመራባት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። እኔ ግን አሸዋውን ባጠብሁ ቁጥር እነርሱን አብሬ አጥፍቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ለቀሩት ሁለት ዓሦች በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ እሰጣቸው ጀመር። ከውኃውም በየጊዜው ሩቡን ያህል እየቀዳሁ፣ ባደረ ውኃ እተካው ነበር። አሸዋውን አልነካሁም። ውኃው እንደገና ነጣ፤ እጄን ሰብስቤ ጠበቅሁ። ከጥቂት ቀናት በኋላም በራሱ ጠራ።

«ሳይደፈርስ አይጠራም» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ሦስቱን ዓሦች የገደላቸው የፈራሁት ድፍርስ ሳይሆን፣ በጥራቱ የተደሰትሁበት ውኃ ነበርና።