አንደበት የተነፈገው ፍጡር

አስፈሪ ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲቀየር ብዙዎቻችን የምንከራከረው «የትኛው ይበልጥ ያስፈራል?» እያልን ነው። እኔ ዘወትር የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ታሪኩ ከወረቀት ወደ ሲኒማ ሸራ ሲሻገር በመንገድ ላይ አንደበቱን የተቀማው ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ከ«ፍራንከንስታይን» የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሜሪ ሼሊ ይህን ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1816 በጄኔቭ ሐይቅ ዳርቻ፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለች ነው። መጽሐፉ በ1818 ለንደን ውስጥ ያለ ደራሲዋ ስም ታተመ። ታሪኩን ያልሰማ ጥቂት ነው፤ ቪክቶር ፍራንከንስታይን የተባለ ተማሪ የሙታንን አካል ገጣጥሞ ሕይወት ይዘራበታል፤ ፍጡሩ ዓይኑን ሲገልጥ ግን ደንግጦ ጥሎት ይሸሻል።

ፊልሙን ያየሁት መጽሐፉን ከማንበቤ አስቀድሞ ነበር። ጄምስ ዌል እ.ኤ.አ. በ1931 ያዘጋጀው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም ዛሬም ልቤን ይይዘዋል። ቦሪስ ካርሎፍ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በዓይኖቹና በእጆቹ ብቻ ይለምናል፣ ያዝናል፣ ይቆጣል። ጣሪያው ተከፍቶ ብርሃን ሲወርድበት፣ ብርሃኑን በእጆቹ ሊይዝ ወደ ላይ ሲንጠራራ ያየ ሰው ፍጡሩን መጥላት ይከብደዋል። ከጉሮሮው የሚወጣው ግን ማጓራት ብቻ ነው።

መጽሐፉን ስገልጥ የጠበቀኝ ተናጋሪ ነበር። ፍጡሩ ከአንድ የድሆች ጎጆ አጠገብ ተሸሽጎ፣ በግድግዳው ስንጥቅ እያየ ቋንቋ ይማራል፤ ወድቀው ያገኛቸውን የሚልተንን፣ የፕሉታርክንና የጎተን መጻሕፍት ያነባል። በሞን ብላን ግርጌ በግግር በረዶው ላይ ከሠሪው ጋር ሲገናኝ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለምነው እንዲሰማው ነው። ከዚያም ለስድስት ምዕራፍ ያህል ትረካውን ራሱ ይረከባል።

እዚህ ላይ ፍርሃቴ መልኩን ለወጠ። ዲዳ ጭራቅ ቢያሳድደኝ በሬን እዘጋለሁ። በተረቶቻችን እንኳ ጅቡም ጦጣውም ተናግሮ ይከራከራል፤ በጨዋ ቋንቋ «ምን በደልኩህ?» ብሎ በሚጠይቀኝ ላይ ታዲያ የትኛውን በር እዘጋለሁ? ንግግሩ ንጹሕ አያደርገውም። ሕፃኑን ዊልያምን አንቆ እንደ ገደለው የሚነግረን በዚያው አንደበቱ ነው። የሼሊ ጭካኔ ይህ ነው፤ ኀዘኔ ሳይለቀኝ ታሸብረኛለች፣ ሽብሩ ሳይለቀኝ ደግሞ ታሳዝነኛለች።

ሁለቱን ሥራዎች ማነጻጸር የሚሻ አንባቢ ውሃ ዳር ይቁም። በመጽሐፉ ፍጡሩ ወንዝ ውስጥ የወደቀች ልጃገረድን ከሞት ያወጣል፤ ውለታው የተመለሰለት በጥይት ነው። በፊልሙ ማሪያ ከምትባል ሕፃን ጋር አበባ ወደ ሐይቅ እየወረወሩ ይጫወታሉ፤ አበባው ሲያልቅበት እርሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ይወረውራታል። ሕፃኗ ትሰጥማለች። አዳኙ ገዳይ ሆነ ማለት ነው። ይህ ትዕይንት ለብዙ ዓመታት ተቆርጦ ሲታይ ኖሮ የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው። በእነዚያ ዓመታት ተመልካቹ የሚያየው ፍጡሩ እጆቹን ወደ ሕፃኗ ሲዘረጋ፣ በኋላም አባቷ ሬሳዋን ታቅፎ ሲሄድ ብቻ ነበር። መሐሉን የሞላው የተመልካቹ ምናብ፣ ፊልሙ ካሳየው የከፋ ነገር እንዲያስብ ተተወ።

ከዚህ የሚብስ ለውጥም አለ። በፊልሙ ረዳቱ ፍሪትስ የጤነኛውን አንጎል ብልቃጥ በድንጋጤ ከእጁ ጥሎ የወንጀለኛ አንጎል ይዞ ይመጣል። በዚያች በተሰበረች ብልቃጥ ምክንያት ትልቁ ጥያቄ ይዘጋል፤ ክፋቱ ቀድሞ በጭንቅላቱ ውስጥ ነበር ብለን በእፎይታ እንወጣለን። ሼሊ ይህን እፎይታ አትሰጠንም። በእርሷ ዘንድ ፍጡሩን ያከፋው መጣል ነው፤ ጣዩም የተማረና ከተከበረ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው።

ይሁንና ዲዳነቱን የፈጠረው ሆሊውድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1823 ሪቻርድ ብሪንስሊ ፒክ ጽፎት ለንደን ውስጥ የታየው ተውኔት ፍጡሩን አስቀድሞ ዲዳ አድርጎት ነበር። ሼሊ ራሷ ከተመልካቾቹ አንዷ ነበረች፤ በተዋንያን ዝርዝር ላይ በፍጡሩ ስም ፈንታ ሰረዝ መቀመጡንም ወድዳዋለች። ከ108 ዓመት በኋላ የዌል ፊልም በመክፈቻው ላይ በካርሎፍ ስም ቦታ የጥያቄ ምልክት አኖረ። መድረክም ካሜራም የሚሹት ፊትና አረማመድ ነው፤ ስድስት ምዕራፍ የሚተርክ ጭራቅ ከ70 ደቂቃ ገደማ ፊልም ጋር አይስማማም። ዌል እ.ኤ.አ. በ1935 በሠራው ተከታይ ፊልም ፍጡሩ ከዓይነ ስውር ባሕታዊ ዘንድ ጥቂት ቃላት ይማራል፤ ውሃ ውስጥ የወደቀች እረኛም ያድናል። ጊዬርሞ ዴል ቶሮም በ2025 ፊልሙ ፍጡሩ ታሪኩን በራሱ አንደበት እንዲተርክ አድርጓል።

የባሕታዊው ዓይነ ስውርነት ከመጽሐፉ የመጣ ነው። በልብ ወለዱ ፍጡሩን በደግነት ያነጋገረው ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ደ ላሴ ነው፤ ልጆቹ ገብተው መልኩን ሲያዩ ግን ወንድ ልጁ በዱላ ይደበድበዋል። የሁለቱ ጥበቦች ልዩነት ለእኔ በዚህች ጎጆ ውስጥ ይታየኛል። መጽሐፍ ስናነብ ፊቱን አናይም፤ በሽማግሌው ወንበር ተቀምጠን ድምፁን እንሰማለን። ፊልም ስናይ ከልጆቹ ጋር በሩ ላይ እንቆማለን፤ ከመስማታችን በፊት ዓይናችን ይፈርዳል። ካርሎፍ ታላቅ የሆነው በዚያ በር ላይ ለቆምነው ለእኛ ርኅራኄ ማስተማር በመቻሉ ነው።

ፊልሙ ፍጡሩን በሕዝብ ችቦ ነፋስ ወፍጮ ውስጥ አቃጥሎ፣ የባላባቱ አባት ጽዋ ሲያነሡ ይዘጋል። መጽሐፉ የመጨረሻውን ረጅም ንግግር ለፍጡሩ ይሰጠዋል፤ በሠሪው ሬሳ አጠገብ ቆሞ ከተናገረ በኋላ በበረዶ ስባሪ ላይ ሆኖ በጨለማው ውስጥ ይርቃል። ሲሞት ያየው የለም።

እንግዲህ ፊልሙን የምትወዱ ሁሉ፣ አንድ ምሽት እነዚያን ስድስት ምዕራፎች ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። የሚሰማችሁ ወዳጅ ካለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣችሁ።