ጠሪና ጠባቂ

ወዳጄ ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማ አውቶቡስ ሠርቷል። በትኬት ቆራጭነት ጀመረ፣ ተቆጣጣሪ ሆነ፣ በመጨረሻ የስምሪት ኃላፊ ሆነ። ስምሪት ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የትኛው አውቶቡስ በየትኛው መስመር ይውጣ፣ የተበላሸውን የትኛው ይተካ፣ ሰልፍ የበዛበት ፌርማታ ከየት ይታገዝ እያለ ሲወስን የሚውል ሰው ሥራ ነው። ይህ ሰው ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ሥራውን ለቀቀና በስልክ መኪና ከሚያስጠሩት የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ወደ አንዱ ገባ።

ወሬውን የሰማሁት ከባለቤቱ ነው። ‹‹ወንድምህ በስተርጅና ኮምፒዩተር ቤት ገባልህ›› አለችኝ እየሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እንዲያውም ከፋኝ። በዚያው ሰሞን ቡና ስንጠጣ፣

‹‹ከዳኸን›› አልኩት።

‹‹ማንን?››

‹‹ሕዝቡን!››

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው አንዳንዴ ቡና ቤቱም የመማሪያ ክፍል ይመስለዋል። ወዳጄ ስኳሩን እያማሰለ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ፣ ‹‹አንተስ ከዩኒቨርሲቲው ለምን ለቀቅህ?›› አለኝ።

የለቀቅሁበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ተደምረው ከደመወዜ በለጡ። ያን ጊዜ ‹‹ተማሪዎችህን ከዳህ›› ያለኝ አልነበረም፤ ‹‹እንኳን አወጣህ›› ነው ያሉኝ። እሱም እንደዚያው ነው። የመጨረሻ ልጁ ገና ኮሌጅ ናት፤ አዲሶቹ ቀጣሪዎቹ የድሮውን ሦስት እጥፍ ይከፍሉታል። ነገሩ እዚያ ላይ ማብቃት ይችል ነበር።

እኔ ግን አፍሬ ወሬ ለማስለወጥ ‹‹ለመሆኑ ምን ያሠሩሃል?›› አልኩት።

አብረውት የሚሠሩት ልጆች ‹‹ጋሼ›› እያሉ ይጠሩታል። የመጀመሪያ ሥራው የቦታ ስም ማስታወስ ሆነ። አዲስ አበባ በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር የምትገኝ ከተማ አይደለችም። ሰው ሲጠራ ‹‹ከሰባ ደረጃ ከፍ ብሎ›› ወይም ‹‹ከድሮው እንትን ፊት ለፊት›› ይላል። በ2016 ዓ.ም. አሮጌው ፒያሳ ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያን የመሰለ ሰፈር ከመሬት ተነሳ፤ ስሙ ግን ከሰው አፍ አልተነሳም። ደንበኛው የፈረሰ ቤት ምልክት አድርጎ ይሰጣል። ሹፌሩ ደግሞ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፣ ያን ቤት ከየት ይወቀው? ‹‹የድሮው›› የሚባለው ሁሉ የት እንደነበረ የሚያውቀው ወዳጄ ሆነ።

ሁለተኛው ሥራው መቼ የት ሰው እንደሚበዛ መንገር ነው። በጥምቀት ሕዝቡ ከጃን ሜዳ በየት በኩል እንደሚፈስ፣ ደመወዝ በተከፈለ ሰሞን መርካቶ በስንት ሰዓት እንደሚጨናነቅ፣ የክረምት ዝናብ ሲወርድ የትኛው ፌርማታ መጠለያ እንደሌለው ጠይቁት። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፤ በየትኛውም ፋይል አልተጻፈም።

እኔ የቃል ሰው ነኝና እስቲ ስለ ቃል ላንሳ። አንበሳ በ1935 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ለአዲስ አበባ ሰው ‹‹አንበሳ›› ማለት አውቶቡስ ማለት ሆኖ ኖሯል። ‹‹አንበሳ ስጠብቅ አረፈድኩ››፣ ‹‹አንበሳ ለጥቂት አመለጠኝ›› ስንባባል እንግዳ ሰው ቢሰማን አዳኞች እንመስለው ነበር። ዛሬ ደግሞ ‹‹ራይድ›› የየትኛውም ኩባንያ መኪና መጠሪያ ሆኗል። ከስሙ ይልቅ ግን ግሡን ልብ በሉልኝ። አንበሳ ይጠበቃል፤ ራይድ ይጠራል።

መጥራት መጥፎ ነው አልልም። ይህች ሴት ልጅ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጨለማ ውስጥ ቆማ ከላዳ ሹፌር ጋር ዋጋ ስትከራከር የኖረችባት ከተማ ናት። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችውን ራይድ በ8294 ጠርታ የምትሄድ ሴት የመኪናውን ታርጋና የሹፌሩን ስም ይዛ ስትገባ፣ ትልቅ ነገር ነው። የእኔም ልጅ ስታመሽ መኪናዋ የት እንደደረሰች ስልኬ ላይ አያለሁ። ይህን ጸጋ የሚንቅ አባት አይደለሁም።

ወዳጄን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶታል። ቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ትልቅ ስክሪን አለ። የከተማዋ ካርታ ነው፤ ሰው በብዛት የሚጠራበት ሰፈር ይቀላል። አንድ ቀን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሲያየው አቃቂ በኩል ነጭ ሆነበት። በእሱ ዘመን በዚያ ሰዓት የፋብሪካ ሠራተኛው ሰልፍ ጫፉ የማይታይበት ቦታ ነው።

‹‹እዚህ ጋ ምነው ነጭ ሆነ? ተበላሸ እንዴ?››

‹‹አይ ጋሼ፣ እዚያ የሚጠራ የለም›› አለው ልጁ በትሕትና።

‹‹ሰውማ ሞልቷል!››

‹‹ሊኖር ይችላል። ያልጠራ ሰው ግን እኛ ጋ አይታይም።››

‹‹ልጁም አልዋሸ፣ ማሽኑም አልዋሸ›› አለኝ ወዳጄ። ‹‹እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ስመለከት የኖርኩት የማይጠራውን ሰው ነው። ስምሪት ላይ ስትሆን ፌርማታ ወርደህ ሰልፉን በዓይንህ ትቆጥራለህ። ሰልፉ ራሱ ነው ጥሪው።››

ቀጠለና ሒሳቡን አስረዳኝ። ስድሳ ሰው በአንድ አውቶቡስ ሲሄድ መንገዱ ላይ ያለው አንድ መኪና ነው። ስድሳውም ለየራሱ ቢጠራ ስድሳ መኪና ይሆናል። ያን ጊዜ ለመጥራት አቅም ያነሰው ሰው የሚጠብቀው አውቶቡስ ከስድሳዎቹ ኋላ ተገትሮ ይቀራል። ስለዚህ ጠሪው በበዛ ቁጥር ጠባቂው የበለጠ ይጠብቃል።

‹‹አሁን ‹ከዳኸን› ወዳልከኝ ልመለስ›› አለ። ‹‹ድሮ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ የሚሰድበኝ ሰው ነበር። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የባንክ ሠራተኛው። አቤቱታ ጽፎ፣ ፊርማ አሰባስቦ የሚመጣ ሁሉ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስድቡ ቀነሰ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ሥራችን የተሻሻለ መሰለኝ። ሰልፉን ሳየው ግን እንደነበረ ነው። በኋላ ነው የገባኝ፤ ተሳዳቢዎቹ መኪና መጥራት ጀምረዋል። ሰልፉ ላይ የቀረው መሳደብ የማያውቀው ነው።››

ቡናውን ጨለጠና ዓይን ዓይኔን አየኝ።

‹‹ለመሆኑ አንተ ስለ አውቶቡስ ሰልፍ ለመጨረሻ ጊዜ የጻፍከው መቼ ነው?››

መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ የድሮ ጽሑፎቼን አገላበጥሁ። በአንድ ወቅት ስለ ሰልፍ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ እጽፍ ነበር። ዝናብ ሲያበሰብሰኝ ስለ መጠለያ፣ ኪሴን ሲገቡኝ ስለ ሌባ፣ ክፍል ሲያረፍደኝ ስለ ሰዓት አከባበር ጽፌአለሁ። የመጨረሻው የወጣው ልጄ ስልኬ ላይ መኪና መጥሪያውን ከመጫኗ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዲት መስመር የለችም። ሰልፉ አላለቀም፤ ከሰልፉ የወጣሁት እኔ ነኝ። ስለ ሕዝብ የምጽፍ ይመስለኝ ነበር፣ ለካስ የምጽፈው ስለ ገዛ እግሬ ኖሯል።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ስልኬን ኪሴ ውስጥ ትቼ ፌርማታ ሄድኩ። ሃምሳ ደቂቃ ቆምኩ። ከፊቴ አንዲት አዛውንት እናት ነበሩ፤ የሐኪም ቤት ካርዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል። ሽበቴን አይተው ነው መሰለኝ፣ ‹‹ልጄ፣ ደከመህ መሰል፣ እዚህ ድንጋዩ ላይ አረፍ በል›› አሉኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ይጠብቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

‹‹ቀጠሮዬ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው›› አሉ። ቅሬታ ተናግረው ያውቁ እንደሆነ ብጠይቃቸው ደግሞ ሳቅ አሉና ‹‹ለማን ይነገራል ብለህ ነው?›› አሉኝ።

ወዳጄ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በራሱ ጊዜ አቃቂ እየወረደ ሰልፍ ይቆጥራል። ቁጥሩን በደብተር ጽፎ ለልጆቹ ይወስድላቸውና ‹‹ይችንም ካርታችሁ ላይ አስገቡልኝ›› ይላቸዋል። እስካሁን አላስገቡም፤ አልሳቁበትምም። እኔም ‹‹ከዳኸን›› ያልኩትን ቃሌን መልሻለሁ። ለእኚያ እናት ግን መልስ ሳልሰጣቸው አውቶቡሱ መጣና ተሳፈሩ። ለማን እንደሚነገር እኔም በእርግጠኝነት አላውቀውም፤ ለጊዜው ለእናንተ ነገርኳችሁ።