ዓይን ብርሃንን አይመዝንም

ባለፈው ኅዳር ወደ ቨርጂኒያ የሄድኩት ምራቴን ላርስ ነበር። ገንፎውንና አጥሚቱን፣ የሕፃኑን እጥበት አስቤ ነው የሄድኩት። ሳሎኑ ውስጥ ግን ሌላም ጠባቂ የሚፈልግ ነገር ጠበቀኝ፤ 150 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ፣ በውስጡ ጨዋማ ውኃ፣ ሁለት ነጭ ሰንበር ያላቸው ብርቱካናማ ዓሣዎችና ኮራሎች። ልጄ የሌሊት ሠራተኛ ነው። ንጋት ላይ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ፊቱ የሚቆመው እዚያ ገንዳ ጋ ነው። «እማዬ፣ ድካሜ የሚወጣልኝ እዚህ ነው» አለኝ።

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም አበባ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ ለብቻቸው በዓይን የማይታዩ ደቃቅ አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ፣ ኮራሉም ከዚያ ይካፈላል። ስለዚህ ለኮራል መብራት ጌጥ ሳይሆን ቀለብ ነው።

ልጄ በዚያው ሰሞን የድሮዎቹን ፍሎረሰንቶች አውጥቶ ኤልኢዲ ገጥሞ ነበር። መጠኑን 60 በመቶ ላይ አድርጎ፣ ዓሣዎቹን እንድመግብና ገንዳውን እንዳይለት አደራ ብሎኝ ወደ ሥራውና ወደ አራሷ ዞረ። በአሥረኛው ቀን አለቱ አናት ላይ ያለው ኮራል ገረጣ። ሰው ሲገረጣ ደም አንሶት ይሆናል እንላለን። እኔም ብርሃን አንሶት ነው አልኩ። ደግሞም አዲሱ መብራት ሰማያዊ፣ ደብዘዝ ያለ ነበር። መጠኑን 90 በመቶ አደረስኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ስንት በሽተኛ ያስታመመች ነርስ ለአንድ ኮራል ማንን ታማክራለች?

በሦስተኛው ቀን ኮራሉ እንደ ጨው ነጣ።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ብርሃን ሲበዛበት አልጌዎቹ ጎጂ ነገር ያመነጫሉ፤ ኮራሉም ከውስጡ ያስወጣቸዋል። ቀለሙ አብሮ ይሄዳል፣ ኮራሉም ነጥቶ ይቀራል። ብርሃን ሲያንሰው ግን አልጌዎቹ ስለሚበዙ ወደ ቡናማ ያደላል፣ ወደ መብራቱም ይንጠራራል። እኔ ምልክቱን ገልብጬ አነበብኩት።

ልጄ ንጋት ላይ ሲገባ በር ላይ ጠበቅኩት። «እኔ ነኝ መብራቱን የጨመርኩት» አልኩት። ያንን ኮራል የጣት ጫፍ ከምታህል ቁራጭ ጀምሮ አራት ዓመት አሳድጎታል። ዝም ብሎ ቆመ። በኋላ «ምንም አይደል እማዬ» አለኝ፤ ፊቱ ግን እንዲያ አይልም ነበር።

ያን ቀን ከኮራሉ ይልቅ ያመመኝ፣ የማውቀውን ነገር መርሳቴ ነው። ቢጫ ሆነው የሚወለዱ ሕፃናትን በሰማያዊ ብርሃን እናክማለን። የሕክምናው ጅማሬም ከአንዲት ነርስ ጋር የተያያዘ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ ሮችፎርድ ሆስፒታል፣ ሲስተር ጂን ዋርድ ፀሐይ ያስሞቀችው ሕፃን ቢጫነቱ ለቆት፣ በጨርቅ የተሸፈነው የአካሉ ክፍል ግን እንደነበረ መቅረቱን ለሐኪሞቹ አሳየች። እኔም ለጀማሪ ነርሶች «አምፖሉ ደምቆ እየታያችሁ ኃይሉ ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ከሕፃኑ ትንሽ ሲርቅም ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ዓይናችሁን አትመኑ» እያልኩ አስተምር ነበር።

በማግስቱ ልጄ ከዓሣ መሸጫው የብርሃን መለኪያ ተከራይቶ መጣ። የሚለካው ፓር የሚሉትን ነው፤ አልጌዎቹ ለምግብ ሥራ ሊጠቀሙበት የሚችሉትን ብርሃን። አለቱ አናት ላይ በ90 በመቶ 480 አነበበ፣ ጥግ አሸዋው ላይ 70። እሱ በተወው 60 በመቶ እንኳ አናቱ ላይ 320 ነበር። የእኛ ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 ይበቃቸዋል። ከ200 እስከ 350 የሚፈልጉት ድንጋያማዎቹ ናቸው። «ለካ ጥፋቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ» ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ሁለታችንንም ያሳተን ቀለሙ ነው። የሰው ዓይን ሰማያዊን ደካማ አድርጎ ያያል፤ አልጌዎቹ ግን አጥብቀው የሚጠቀሙት እሱን ነው። የስልክ ብርሃን መለኪያም የተሠራው በዓይናችን ልክ ስለሆነ አብሮን ይሳሳታል።

መብራቱን ከውኃው ከፍ አድርገን ሰቀልነው፤ ከፍ ሲል ብርሃኑ ይሰፋል፣ መሐሉ ላይ አይበረታም። አናቱ ላይ 110 እስኪያነብ ቀነስን። በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ እንዲበራ ሰዓት መቁጠሪያ ላይ አደረግነው። እኔም እንደ በሽተኛ ቻርት አንድ ደብተር ከፈትኩ፤ ቀን፣ የመብራት መጠን፣ የውኃው ሙቀት፣ የኮራሎቹ ቀለም። ሙቀት ከ26 ዲግሪ ብዙ ሲያልፍም ያነጣልና መብራት ብቻውን አይወነጀልም። የመብራቱ መስታወት ላይ የጨው ቅርፊት ሲጋገርም ብርሃን ይሰርቃል፤ ሶኬቱን ነቅሎ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። ዋናው ደንባችን ግን ሁለት ነው፤ አዲስ መብራት ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ በሳምንታት ቀስ እያለ ይጨምራል፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል።

አዲስ አበባ ቤታችሁ በጣፋጭ ውኃ ዓሣ ለምታረቡ ነገሩ ይቀልላል። ዓሣ የኮራልን ያህል ብርሃን አይሻም። ቀኑን ሙሉ የሚበራ መብራትና ከመስኮት የሚገባ ፀሐይ የሚያተርፉላችሁ አረንጓዴ አልጌ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ጨለማው ዓሣውን አይጎዳውም፤ የሚያሰጋው የአየር መንፊያው መቆም ነው።

ያ ኮራል አናቱ ድኖ አልተመለሰም። በአለቱ ጥላ ሥር የነበረችው የሳንቲም ያህል ጎኑ ግን ተረፈች፣ ከሁለት ወር በኋላም አረንጓዴ ሆነች። እኔ አገሬ ተመልሻለሁ፤ ደብተሩ እዚያው ገንዳው አጠገብ ቀርቷል። ልጄ በየሳምንቱ ይደውላል። የሕፃኑን ደኅንነት ከነገረኝ በኋላ «እማዬ፣ ትንሽ ልጨምርላት?» ይላል።

«መለኪያው ስንት አለ?» እለዋለሁ።