የአክስቴ ምጣድና የቢትኮይን ማሽን

አክስቴ የምትኖረው ከመካነ ሰላም ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቃ፣ የዓባይን ሸለቆ ቁልቁል ከሚያይ ተረተር ላይ ነው። ስልኳን የምታስሞላው በገበያ ቀን ወደ ከተማ በሚወርድ ሰው እጅ ልካ ስለሆነ ስትደውል ነገሯን አሳጥራ ነው። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀ ማግስት ደወለችልኝና ሰላምታውን እንኳ ሳታደርስ «ግድቡ አለቀ አሉ። እኛ ዘንድ መብራቱ መቼ ይደርሳል?» አለችኝ። የተማርኩ ነኝና፣ አዲስ አበባም ነዋሪ ነኝና፣ መንግሥት ያሰበውን ሁሉ የማውቅ ይመስላታል። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከግድቦቻችን የሚወጣው ኃይል ወዴት እንደሚሄድ ሳነብ ነበር የሰነበትኩት። ያነበብኩትን ለእርሷ መንገር ከበደኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ቻይና በእ.ኤ.አ. 2021 ቢትኮይን ማምረትን በአገሯ ስትከለክል፣ ሥራውን ይዘው የነበሩት ኩባንያዎች ማሽኖቻቸውን በኮንቴይነር ጭነው ርካሽ መብራት ፍለጋ ዓለምን ዞሩ። አንዳንዶቹ ካዛኪስታን ገቡ፤ የዚያች አገር መስመር ግን አልቻላቸውምና በጥር 2022 እ.ኤ.አ. መብራት ተቆረጠባቸው። ሌሎቹ አሜሪካ ሄዱ። ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠነቀቀ፤ በዚያው ዓመት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በዘርፉ የተሰማሩትን «መጥታችሁ ተመዝገቡ» አለ። ምርቱ ተፈቀደ፣ ግብይቱ ተከለከለ ማለት ነው። ጠላ መጥመቅ ይቻላል፣ መጠጣት ግን ነውር ነው እንደማለት።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 የቢትኮይን አምራቾች ጋር የኃይል ሽያጭ ውል እንደነበረው ተዘግቧል፤ ከነዚህ 19ኙ የቻይና ናቸው። ዋጋው በኪሎዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ መቀመጫውን ሆንግ ኮንግ ካደረገ ኩባንያ ጋር በ250 ሚሊዮን ዶላር የዳታ ማዕከል ለመገንባት የመግባቢያ ስምምነት መፈራረሙን አስታወቀ። በወረቀት ላይ የሚሰጠው ስም «ዳታ ማይኒንግ» ነው። ስሙ ያስቀኛል። በእኛ አካባቢ ዳታ የሚባለው በካርድ ተገዝቶ ስልክ ላይ የሚሞላው ነው፤ እርሱም ቢሆን ጦርነቱ ከተቀሰቀሰበት ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ለወራት ተዘግቶ ነበር።

መካነ ሰላም ላይ እንዲህ ያለ ማዕከል የለም፤ ይምጣልን ብዬም አልከራከርም። ኮንቴይነሮቹ የሚቆሙት ከፍተኛ መስመር ባለበት፣ ከማከፋፈያ ጣቢያ ጥግ ነው። ብዙ ሰው አይቀጥሩም፤ ጥበቃ፣ ጥቂት ቴክኒሻን፣ አንድ ሁለት ኢንጂነር ይበቃቸዋል። ማሽኖቹ በማራገቢያ ስለሚቀዘቅዙ ጩኸታቸው ቀንም ሌሊትም አያቋርጥም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በአዲስ ሞዴል ተበልጠው ቁርጥራጭ ብረት ይሆናሉ። የደጋችን ቅዝቃዜ ለማቀዝቀዣ የሚወጣውን ወጪ ስለሚቀንስ አምራቾቹ ወደውታል። ብርዳችንም ገበያ አገኘ ማለት ነው!

ማሽኑ የሚሠራው ምንድን ነው? ቁጥር መገመት ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ ማሽኖች ሁሉ አንድ እንቆቅልሽ ለመፍታት በሰከንድ እጅግ ብዙ ትሪሊዮን ጊዜ ይገምታሉ፤ በአሥር ደቂቃ ገደማ አንዱ ይሳካለትና፣ ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ወዲህ 3.125 ቢትኮይን ይሸለማል። ያልተሳካላቸው ግምቶች ሁሉ ሙቀት ሆነው ወደ አየር ይተናሉ። አዲሶቹ ሞዴሎች አንዳቸው ከ3 እስከ 3 ተኩል ኪሎዋት ይስባሉ።

ይህን ቁጥር ሳይ አክስቴ ትዝ አለችኝ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድም የሚስበው ከዚህ ጋር ይቀራረባልና። ልዩነቱ የሚመጣው በሰዓቱ ነው። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቢጋግር ምጣዱ በሳምንት አምስት ሰዓት ይሠራል። ማሽኑ ግን በሳምንት 168 ሰዓት ይሠራል፤ ለእርሱ እሑድም የለ፣ ጁምዓም የለ። አንድ ማሽን የሚበላው ከ30 በላይ ቤተሰብ እንጀራ የሚጋግርበትን ነው። በዘርፉ ሰዎች ግምት እነዚህ ኩባንያዎች በ2017 ዓ.ም. ሁሉም ተደምረው ወደ 600 ሜጋዋት ይጠቀሙ ነበር። ይህንን በምጣድ አስቡት፤ ስሌቱ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ ይሰጣል። በእርግጥ ሁሉም በአንድ ሰዓት ቢጥዱ መስመሩ ስለማይችለው ስሌቱ የወረቀት ነው። ቢሆንም መጠኑን ያሳያል።

አክስቴ የምትጋግረው በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። የአካባቢያችንን ትልቁን የአካባቢ ጉዳት ለሚፈልግ ሰው የምጠቁመው ይህንን ነው። ኩበቱ ማሳ ላይ ቢወድቅ መሬቱን ያዳብር ነበር፤ ምድጃ ሲገባ ግን የሚቀጥለው ዓመት አዝመራ አብሮ ይነዳል። እንጨቱ ደግሞ ካለበት ይፈለጋል። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ በልጅነታችን ደንቆሮ ጫካ በምንለው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ አሉ፤ በዙሪያው ያለው ገበሬ ግን ማገዶ ሲያጣ የጫካውን ዳር እያየ ነው የሚያድረው። ጭሱን አላነሣሁም። የአክስቴ ዓይን የሚያለቅሰው በኀዘን ብቻ አይደለም።

ለሐቁ ግን መሟገት ይገባል። ለአምራቾቹ የተሸጠው ኃይል ከአክስቴ ቤት ተነጥቆ የሄደ አይደለም፤ ወደ አክስቴ ቤት የሚወስደው ሽቦ መጀመሪያውኑ አልነበረም። ተርባይን ሲዞር፣ ማከፋፈያ መስመር ሳይኖር ሲቀር፣ ውኃው እንዲሁ ይፈስሳል። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ተቋም ኃላፊ ብሆን እኔም ኮንቴይነሩን ደጄ ላይ አቁሞ በዶላር የሚከፍለኝን ሰው አልመልሰውም ነበር። ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። አክስቴ መብራት ቢገባላት በዝቅተኛው እርከን የምትከፍለው ታሪፍ ባለ ኮንቴይነሩ ከሚከፍለው በብዙ ያንሳል፤ ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ገበያ መር ከተደረገ ወዲህማ ልዩነቱ ሰፍቷል። ወደ እርሷ መንደር ምሰሶ መትከል፣ ትራንስፎርመር መስቀል፣ ከዚያም ለሁለት አምፖልና ለአንድ ምጣድ ሳንቲም መሰብሰብ ኪሳራ ነው። ሒሳቡን ለሒሳብ ሠራተኛ ከተውነው አክስቴ መቼም አታሸንፍም። እ.ኤ.አ. በ2022 እንኳ በዓለም ባንክ አኃዝ መብራት የሚያገኘው ኢትዮጵያዊ ከግማሽ ብዙም የሚበልጥ አልነበረም።

ነገር ግን ይህ ሒሳብ የጎደለው ነገር አለው። ግድቡ የተሠራው በሰው ገንዘብ ነው፤ እኔም መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ በኋላ የአንድ ወር ደመወዜን ለቦንድ ሰጥቻለሁ፤ በደስታ ነው የሰጠሁት፣ ዛሬም አልጸጸትም። አክስቴ ቦንድ አልገዛችም። እርሷና ጎረቤቶቿ የሰጡት ጉልበት ነው። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየዓመቱ በበጋው፣ በጥርና በየካቲት፣ የተፋሰስ ሥራ ተብሎ ገበሬው በነጻ ድንጋይ ሲደረድር፣ እርከን ሲሠራ ኖሯል። በሽሎና ወለቃ የሚወርዱት ከእነዚህ ተራሮች ነው፤ ሁለቱም ዓባይ ይገባሉ። የቦረናና የሳይንት እርከን ያስቀረው አፈር ግድቡ ውስጥ የማይገባ ደለል ነው። ለዚህ ሥራ በየትኛውም ውል ውስጥ ክፍያ አልተጻፈም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት ከመደጋገም ብዛት ለዛው ቢጠፋም፣ እዚህ ላይ ግን ከእርሱ የተሻለ አላገኘሁም።

አንድ የውጭ ምሳሌ ላክል። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ከካናዳ ድንበር አጠገብ፣ ፕላትስበርግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከውኃ ኃይል የሚመነጭ ርካሽ መብራት በኮታ ይሰጣታል። ቢትኮይን አምራቾች ይህን ሰምተው መጡ። በ2017/18 እ.ኤ.አ. ክረምት ከተማዋ ኮታዋን አለፈች፤ የጎደለውን ከገበያ በውድ ገዛች፤ ዋጋው በነዋሪው የመብራት ሒሳብ ላይ ተከፋፈለ። ነዋሪው ጮኸ፣ የከተማው ምክር ቤትም በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አምራች እንዳይገባ ለ18 ወር ከለከለ። የሚያስቀናኝ ክልከላው አይደለም። ሰዎቹ ሒሳባቸው ለምን እንደ ጨመረ ማወቃቸውና፣ ተሰብስበው የሚጠይቁት ምክር ቤት ያላቸው መሆኑ ነው።

እኛ ዘንድም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ለአዲስ አምራች የሚሰጠው ኃይል እንደሌለው አስታውቋል። ይህ በእኔ እምነት ትክክለኛ እርምጃ ነው። የቀድሞዎቹ ውሎች ግን አሉ። በውሉ ውስጥ ምን ተጽፏል? ድርቅ ቢመጣና ግድቦች ቢጎድሉ መጀመሪያ መብራት የሚቆረጠው በማን ላይ ነው? አሮጌዎቹ ማሽኖች ሲጣሉ የት ይጣላሉ? ከሁሉ በላይ፣ ከየዶላሩ ስንት ሳንቲም ወደ ገጠር ምሰሶና ትራንስፎርመር ይሄዳል? ከአምራቾቹ የሚገኘው ገቢ አንድ እጅ በሕግ ተቆርጦ ለገጠር መስመር ዝርጋታ ቢመደብ፣ መጀመሪያም የተፋሰስ ሥራ በሠሩ ወረዳዎች ቢጀመር፣ ኮንቴይነሩን ከማንም በፊት የምከላከለው እኔ ነበርኩ። ጩኸቱንም እችለዋለሁ።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ በስልክ እንዴት ላስረዳት? ሞከርኩ።

«እትዬ፣ መብራቱን የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ ማሽን አላቸው።»

«ምን የሚያመርት ማሽን?»

«ገንዘብ።»

«የኛን ገንዘብ?»

«አይደለም። የሌላ ነው፤ እዚህ አገር መገበያየትም አይቻልበትም።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኳት።

«አለሁ። እነሱ ምሰሶውን ራሳቸው ተከሉ?»

«የሚቆሙት መስመሩ ካለበት ነው።»

«እንግዲያው እኛ ደጅም መስመሩን ያድርሱትና ይምጡ» አለች። ከዚያ ስለ ጤፉ አነሣች፤ ዝናቡ ዘንድሮ ደኅና ነው አለችኝ፤ የእርከኑ ድንጋይ በጎርፍ ተንዶ እንደገና ሊሠሩት መሆኑንም ነገረችኝ። ልጠይቃት ያሰብኩት ገና ብዙ ነበር፤ ስልኳ ግን ባትሪው ሊያልቅ መሆኑን በድምፅ ማስጠንቀቅ ጀምሮ ነበርና፣ እስከሚቀጥለው ገበያ ቀን ተሰናበተችኝ።